የገዛ ደሙን የሚወጋ ሰውነት፦ ስለ ደም ሕማምና ስለ አገራችን ምርምር አጭር ዳሰሳ

ሰውነት ከውጭ የሚመጣበትን ተውሳክ እንዲከላከል የተሰጠውን ኃይል መልሶ በገዛ ደሙ ላይ ያነሣል ብሎ ማመን ለሕክምና ሊቃውንት ብዙ ዘመን የከበዳቸው ነገር ነበር። ታላቁ ጀርመናዊ ሊቅ ፓውል ኤርሊኽ ፍጥረት ራሱን ከመጉዳት ይሸሻል ብሎ አስተምሮ ስለ ነበር፣ ዶናትና ላንድስታይነር በ1904 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ብርድ ሲመታቸው ሽንታቸው የሚቀላ ሕሙማን የገዛ ቀይ ሕዋሳቸውን የሚያፈርስ ነገር በደማቸው ውስጥ እንዳለ ቢያሳዩም፣ ትምህርታቸው ቶሎ አልተስፋፋም። በ1945 ኩምስና ባልደረቦቹ በቀይ ሕዋስ ላይ የተለጠፈውን ጸረ እንግዳ አካል የሚገልጥ ምርመራ አወጡ፤ ከ5 ዓመት በኋላም አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ሃሪንግተን ደም የሚያረጉት ሕዋሳት፣ ማለት ፕሌትሌቶች፣ ከተመናመኑባት ሕመምተኛ ደም አስቀድቶ ወደ ራሱ ሥር አስገባ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ የእርሱም ፕሌትሌት አሽቆልቁሎ ቆዳው በደም ነጠብጣብ ተሞላ፤ ሳምንት ያህል ቆይቶ ዳነ። ራሱን ለሞት አሳልፎ በሰጠ በዚህ ሰው ድፍረት፣ ጥፋቱ ከመቅኔ ድካም ብቻ ሳይሆን በደሙ ውስጥ ከሚዞር ነገር እንደሚመጣ ታወቀ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የጤናማ ኢትዮጵያዊ ደም ልኩ ስንት ነው የሚለው ነው። በአዲስ አበባ ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ በሚወስደው ጎዳና፣ በወሎ ሰፈር በአንዱ ክሊኒክ ደሙን ሰጥቶ ሲቢሲ የሚባለውን የደም ሕዋሳት ቆጠራ ውጤት የተቀበለ ሰው፣ ከየቁጥሩ ጎን የጤናማ ሰው ወሰን ታትሞ፣ ከወሰኑ የወረደውም የማነስ ምልክት ተደርጎበት ያገኛል። ወሰኑ በሌላ አገር ሕዝብ ላይ የተለካ ሲሆን፣ ጤነኛው ሰው ሕመምተኛ ተብሎ ሊወጣ ይችላል። የኢትዮጵያና የሆላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በ1990ዎቹ ጤናማ ኢትዮጵያውያንን መርምሮ፣ ሲዲ4 የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት ከሆላንዳውያን ያነሱ ሆነው አግኝቷል። በሰሜን ተራሮች፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በአምባራስ የሚኖሩትን 236 ሰዎች የመረመሩት እነ ሲንቲያ ቢዮልም በ2002 ባወጡት ጥናት፣ የደጋው ሰው ሄሞግሎቢን እንደ አንዲስ ተራራ ነዋሪ ከፍ ሳይል፣ በወንዶች በዴሲሊትር 15.9 ግራም ገደማ ሆኖ፣ ደሙ ኦክስጅን እንደማያጣ ገልጠዋል።

ሌላም መሳሳቻ አለ። ደሙ እንዳይረጋ በብልቃጡ ውስጥ የሚጨመረው ኢዲቲኤ አንዳንድ ጊዜ ፕሌትሌቶቹን እርስ በርሳቸው ያጣብቃቸዋል፤ መቁጠሪያው መሣሪያ የተጣበቁትን ለይቶ ስለማይቆጥር፣ ጤናማው በማይክሮሊትር ከ150,000 በላይ ሊሆን የሚገባው ቁጥር ወርዶ ይታተማል። ይህን የሚያርመው ጠብታ ደም በስላይድ ላይ ቀጭን አድርጎ አሰራጭቶ፣ በቀለም ነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ እጅብ ብለው የተሰበሰቡት ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች በስላይዱ ጠርዝ ይገኛሉ። በትዕግሥት ዓይኑን ከመነጽሩ ላይ የሚያሳርፍ የላቦራቶሪ ባለሙያ ስንቱን ከከንቱ መድኃኒት እንዳዳነ ማን ይቆጥረዋል!

ሰውነት የገዛ ደሙን የሚወጋበት ሕማም እውነተኛ በሚሆንበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚጠቁት በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ናቸው፤ ሉፐስ የተባለው ደዌ መገጣጠሚያንና ኩላሊትን ሲያጠቃ ደምንም አብሮ ያፈርሳል። መድኃኒቱ በመጀመሪያ ፕሬድኒሶሎን ነው፤ እርሱ ካልያዘው ጣፊያን ማውጣት ወይም፣ ዋጋው ለብዙዎች የማይቀመስ ቢሆንም ሪቱክሲማብ መስጠት ይከተላል።

በእኛ አገር ግን ፕሬድኒሶሎንን ከማዘዝ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ብርቱ ነገር አለ። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ጣፊያን ያሳብጣል፣ ቀዩንም ነጩንም ሕዋስ ፕሌትሌቱንም ያሳንሳል፣ የኩምስ ምርመራ እንኳ ፖዘቲቭ እንዲሆን ሊያደርግ ይችላል፤ ስለዚህ ሰውነት ራሱን የወጋ መስሎ ይታያል። ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ በዚህ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ተውሳኩን ያበረታል። ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ወርዶ ከርሞ፣ ኋላ በወሎ ሰፈር ከዘመዱ ዘንድ ያረፈ የደጋ ወጣት ከስቶ፣ ድዱ እየደማ፣ ግራ ጎኑ ተነፍቶ ሲመጣ፣ ሐኪሙ ገና ውጤቱን ሳይገልጥ «ወደ ቆላ ወርደህ ነበር?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱ አዎን ከሆነ የኤች አይ ቪና የካላዛር ምርመራ፣ ካስፈለገም የመቅኔ ናሙና ይቅደም።