አልላቀቅ ያለ ቪቴ፦ ያረጀ የኪስ ሰዓት እንዴት ይፈታል?

ያረጀ የኪስ ሰዓት ሲፈታ አልላቀቅ የሚለው ክፍል ሁሉ የሚያስቸግረው በአንድ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ አጥብቆ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ሌላው በተቃራኒው አቅጣጫ መዞር ሲገባው በለመደው አቅጣጫ እየተጠመዘዘ ነው፣ ሦስተኛው ገና ያልተነሣ መያዣ አለው፣ አራተኛው ደግሞ በእርግጥ ዝጎ ከነሐሱ ጋር ተጣብቋል። ጀማሪ ግን አራቱንም እንደ ዝገት ስለሚቆጥርና የዝገትም መድኃኒት ጉልበት ስለሚመስለው፣ መቶ ዓመት ሙሉ በደኅና የኖረውን ሰዓት በግማሽ ቀን ሊያበላሸው ይችላል።

ለዚህ ነገር ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ይሠራ የነበረው የዋልታም ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 የተመሠረተውና በ1854 ወደ ዋልታም ከተማ የተዛወረው የሰዓቱ ሠሪ ድርጅት፣ እስከ 1957 ድረስ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰዓቶችን ያመረተ ሲሆን፣ የሰዓት ክፍሎችን በመሣሪያ እየሠራ የአንዱ ሰዓት ክፍል በሌላው ሊተካ እንዲችል ካደረጉት ቀደምት ፋብሪካዎች አንዱ ነው። በማሽኑ ላይ፣ ማለትም ጥርሳም ክቦቹና ሞላው ባሉበት ውስጠኛ ክፍል ላይ፣ የተቀረጸው ተከታታይ ቁጥር የሰዓቱን ሞዴልና የተሠራበትን ዘመን ለማወቅ ያስችላል፤ የቀፎው ቁጥር ግን ለዚህ አይረዳም፤ በዚያ ዘመን ቀፎው ብዙ ጊዜ በሌላ ድርጅት ተሠርቶ ገዢው በመረጠው ማሽን ላይ ይገጠም ነበርና። ሞዴሉን ማወቅ ለወግ ያህል የሚደረግ አይደለም፤ የትኛው ቪቴ በየት በኩል እንደሚፈታ የሚታወቀው በእርሱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሞላው ኃይል መለቀቅ አለበት። ሞላ ከበሮ በመሰለ ክብ ሣጥን ውስጥ የተጠቀለለው ረጅምና ስስ አረብ ብረት ነው፤ ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ቢሆንም «ሰዓት መሙላት» ከሚለው አማርኛ ጋር በአጋጣሚ ተገናኝቶ የአገር ተወላጅ መስሏል። ሰዓቱ ቆሞ ቢታይም ሞላው እንደተጠቀለለ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳያረጋግጥ ድልድዩን፣ ማለትም የክቦቹን ዘንጎች ከላይ የሚይዘውን የነሐስ ቁራጭ፣ የሚያነሣ ሰው ክቦቹ በአንዴ ተፈትልከው ጥርስ ሲረግፍና የዘንግ ጫፍ ሲሰበር ያያል። ኃይሉ የሚለቀቀው መሙያውን በጣት አጥብቆ ይዞ፣ ሞላው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ትንሽ ምላስ በወረንጦ ጫፍ ገለል በማድረግና መሙያው በጣቶች መካከል ቀስ እያለ እንዲመለስ በመተው ነው።

ማሽኑን ከቀፎው ማውጣት ሌላው የስሕተት በር ነው። የያዙት ሁለት ቪቴዎች ተፈትተው ሳለ አልወጣም ሲል፣ ብዙ ሰው ዝገት ነው ብሎ ከጀርባ ይገፋዋል፤ ነገር ግን በብዙዎቹ የአሜሪካ ሰዓቶች የመሙያው ዘንግ በቀፎው አንገት ውስጥ የሚቀር ስለሆነ፣ መሙያው ጠቅ ብሎ ወደ ውጭ እስኪወጣ ካልተሳበ በስተቀር የዘንጉ ጫፍ ማሽኑ ውስጥ እንደገባ ይይዘዋል። መሙያው ሲሳብ ማሽኑ ያለ ትግል በፊት በኩል ይወጣል።

ወደ ቪቴዎቹ ሲመጣ ከእጅ ጥንካሬ ይልቅ የካቻቪቴው ምላጭ ይወስናል፤ ምላጩ የቪቴውን ስንጥቅ በስፋትም በውፍረትም ሞልቶ መቀመጥ አለበት። የጠበበ ምላጭ ኃይሉን በጥቂት ነጥቦች ላይ ስለሚያሳርፍ የቪቴውን ራስ ይበላዋል፣ የሰፋው ደግሞ በዙሪያው ያለውን ወርቅ ቅብ ነሐስ ይጭረዋል፤ ጠንቃቃ ሰዓት ሠሪ ምላጩን በየጊዜው በድንጋይ የሚስለው ስለዚህ ነው። ሳይፈቱ በፊት ቪቴውን በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ መሞከርም የተጣበቀውን ጥርስ ያላቅቃል። በመሙያው በኩል ያለውን ትንሽ ጥርሳም ክብ የያዘው ቪቴ ግን በብዙ ሰዓቶች ላይ በቀኝ ዞሮ የሚፈታ ነው፤ ሰዓቱ በተሞላ ቁጥር የክቡ መዞር ተራውን ቪቴ ሊፈታው ስለሚችል ሠሪዎቹ ጥርሱን ገለበጡት። አንዳንዶቹ ራሱ ላይ ሦስት ጭረት አኑረው ያስጠነቅቃሉ፤ ጭረት የሌለበት ግን በቀኝ አይፈታም ማለት አይደለም።

በገጹ በኩል ደግሞ የደቂቃ ቆጣሪው የሚሰካበት ቱቦ መሳይ ክፍል አለ፤ ይህ ክፍል በመካከለኛው ዘንግ ላይ የሚቆመው በቪቴ ሳይሆን በፍትጊያ ብቻ ነው። ጥብቀቱ እንከን ሳይሆን ሥራው ነው፤ ሰዓቱ ሲሄድ ከዘንጉ ጋር ይዞራል፣ ባለቤቱ ሰዓቱን ሲያስተካክል ግን ይንሸራተታል። ስለዚህ ለስላሳ አፍ ባለው ፒንሳ ይዞ፣ ግራና ቀኝ በጥቂቱ እያዞሩ፣ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ወደ ጎን ያዘነበለ እጅ ዘንጉን ይሰብራል። ከዚያ አስቀድሞ ገጹ መነሣት ስላለበት ችግሩ ከዚያም ይጀምራል፤ የጥንት ሰዓት ነጭ ገጽ ብዙ ጊዜ ኢናሜል፣ ማለትም በመዳብ ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ነው። ከጀርባው ያሉት ቀጫጭን እግሮች የተያዙባቸው ቪቴዎች ሳይላሉ ገጹን የሚፈነቅል ሰው የሚሰማው የብርጭቆ ስንጥቅ ድምፅ ነው።

እውነተኛ ዝገት ሲገኝ ሰርጎ የሚገባ ቀጭን ዘይት በመርፌ ጫፍ ጠብ አድርጎ ማሳደር ይቀድማል። ሙቀትም ይረዳል፤ ነሐስ ከብረት ይልቅ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ቀዳዳው ለቪቴው ላላ ይልለታል። ይሁን እንጂ ሰማያዊ የሰዓት ቪቴ ቀለሙንና ልከኛ ጥንካሬውን ያገኘው እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሞቆ በመሆኑ፣ ከዚያ ያለፈ እሳት ሁለቱንም ያጠፋል፤ የሰዓቱን ምት የሚቆጣጠሩት ትናንሽ ድንጋዮችም የተጣበቁት ከነፍሳት በሚገኝ ሼላክ በተባለ ሙጫ ሲሆን፣ ሙጫው በሙቀትም በአልኮልም ይለቃል። እነዚህ ክፍሎች ሳይወጡ ማሽኑን ማሞቅ አይገባም።

ራሱ ተቆርጦ ግንዱ ቀዳዳው ውስጥ ለቀረ ቪቴ ደግሞ ሸብ አለ፤ ሸብ ውሃ ለማጥራትና ቆዳ ለማልፋት ጭምር የሚያገለግል ጨው መሳይ ማዕድን ነው። በሙቅ ውሃ ሲሟሟ ደካማ አሲድ ሆኖ ብረትን ቀስ በቀስ ይበላል፣ ነሐስን ግን እምብዛም አይነካም፤ የሚፈለገውን ስባሪ ከማይፈለገው ለይቶ ስለማያውቅም ከሳህኑ፣ ማለትም ክቦቹ ከሚተከሉበት የነሐስ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ብረት ሁሉ አስቀድሞ መነሣት አለበት። ሳህኑ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሲነከር ከስባሪው ደቃቅ አረፋ መነሣት ይጀምራል፤ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ብረቱ ጥቁር አተላ ሆኖ ይወርድና ቀዳዳው ጥርሱ ሳይነካ ይቀራል። ለዚያ ቀዳዳ የሚሆነው ቪቴ ግን ከሱቅ አይገዛም፤ የጥንቶቹ ፋብሪካዎች በየራሳቸው የጥርስ ልክ ይሠሩ ስለነበር፣ ከዚያው ሞዴል ከሆነ ከሞተ ሰዓት ይወሰዳል፤ እርሱም አልላቀቅ ሊል ይችላል።