ስለ ማድ ቤት ሥርዓትና ስለ ዕቃ ምርጫ

የአንድ ቤት ክብር የሚታወቀው በአዳራሹ ምንጣፍ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን የቤቱን ሥርዓት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ማድ ቤቱ ዘልቆ ቢመለከት ይሻለዋል እንላለን። አዳራሹ ለእንግዳ ሲባል ይጠረጋል፤ ማድ ቤቱ ግን እንግዳ ስለማይገባበት የባለቤቶቹን ጠባይ ሳይሸሽግ ይናገራል።

በቀድሞ ዘመን በታላላቅ ሰዎች ግቢ እንጀራ ቤቱ፥ ወጥ ቤቱና ጠጅ ቤቱ እየራሳቸው ነበሩ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያበስለው በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ነገር ግን ክፍሉ አንድ ቢሆንም ማዕዘኑ አራት ነውና ያው ሥርዓት ይሠራበታል። በአንደኛው ማዕዘን ዱቄቱ፥ ወንፊቱ፥ ሰፌዱና ቡሃቃው፤ በሁለተኛው ምድጃው፥ ከእጅም ሳይርቁ ድስቱ፥ ማማሰያውና ጭልፋው፤ በሦስተኛው ውኃው፥ መክተፊያውና ቢላዋው፤ በአራተኛው በርበሬው፥ ሽሮውና ቅመሙ ክዳን ባለው ዕቃ ከእንፋሎት ርቀው ይቀመጡ። ሠሪዋ ዕቃ ፍለጋ የማትዞርበት ማድ ቤት በእውነት የተደራጀ ነው።

ከዚህ በኋላ የትኛው ዕቃ ይቅር፥ የትኛው ይውጣ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። እኛ ወደ ጠበበ ቤት በተዛወርን ጊዜ የማድ ቤቱን ዕቃ ሁሉ ደጅ አውጥተን እንደ ችሎት ጸሐፊ ልማድ በመዝገብ ጻፍነው። ድስት ብቻ 14 ሆኖ ተገኘ፤ በየሳምንቱ እሳት ላይ የሚወጡት ግን 4 ነበሩ። ወራቱ ሑዳዴ ነበርና በዚያው ፈርደን ትልቁን ድስት ለሰው ሰጠነው። የፋሲካ ዋዜማ በደረሰ ጊዜ ግን የዶሮ ወጥ መሥሪያ አጥተን ከጎረቤት ተዋስን። ስለዚህ ዕቃውን የሚመረምር ሰው የጾሙን 55 ቀንና የፍስኩን ወራት፥ የድግሱንም ቀን አይቶ ይፍረድ። በዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ምስክር ያላገኘ ዕቃ ለሚያስፈልገው ሰው ቢሰጥ መልካም ነው።

የሚቀረውም ዕቃ ጠባዩ ይታወቅ። የሸክላ ድስት ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ለሽሮና ቀስ ብሎ ለሚበስል ወጥ ይመረጣል፤ በጋለበት ጊዜ ቀዝቃዛ ውኃ ቢያፈሱበት ግን ይሰነጠቃል። የመዳብ ድስት ውስጡ በቆርቆሮ ያልተለበጠ እንደ ሆነ፥ ወይም ልባጡ ያለቀ እንደ ሆነ፥ ኮምጣጣ ነገር አይሠራበት፤ ኮምጣጣው መዳቡን እያሟሟ ምግቡን ይመርዘዋልና። አሉሚኒየምም ቶሎ ስለሚሞቅ ለብዙ ሥራ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሎሚና ቲማቲም ያለበት ምግብ ሊያድርበት አይገባም። አዲስ የሸክላ ምጣድ ደግሞ በተወቀጠ ጎመን ዘር ሳይሟሽ ቢጋገርበት እንጀራው ይጣበቃል።

አሁን ስለ ራሳችን ስሕተት እንናገር። እናታችን በሦስት ጉልቻ ላይ 40 ዓመት ሲጋግሩ ኖሩ፤ በመጨረሻ ዘመናቸውም ሳል አልለቅ አላቸው፥ ዓይናቸውም ዘወትር ይቀላ ነበር። እኛም እርጅና ነው እያልን አለፍነው። ያን ሁሉ ዕቃ በመዝገብ ስንጽፍ ጉልቻውንና ጢሱን አልጻፍንም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ከቤት መውጣት የነበረበት ግን እርሱ ነበረ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ. ኤ. አ. በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። ከእነርሱም ብዙዎቹ በጓዳ የሚውሉ ሴቶችና በጀርባቸው የሚታዘሉ ሕፃናት ናቸው።

ስለዚህ ለማድ ቤት ገንዘብ ያለው ሰው ከሚያብረቀርቅ ሰሐን አስቀድሞ ምድጃውን ይለውጥ። መብራት በደረሰበት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ ባልደረሰበትም ከሲሚንቶ የሚሠራውና እሳቱን ዙሪያውን የሚከልለው ምርጥ ምድጃ ከጉልቻው ማገዶ እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። በእንጨት የሚነድደው ምድጃ ሁሉ ግን ጢስ መውጫና በበሩ ትይዩ መስኮት ያስፈልገዋል።

አባቶቻችን፥ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ብለዋል። እውነት ነው፤ ወጡን የሚያጣፍጠው ባልትና ነው። ነገር ግን ባለሙያዪቱ እንድትኖርልን የምንወድ ከሆነ ጉልቻውን እንለውጥላት።