ከቅኔ ቤት የምንማራቸው የዕለት ልማዶች

መምህር የሚሆን ሰው ጠባዩን የሚያበጀው በምረቃው ዕለት አይደለም። ዛሬ በመኝታ ቤት፣ በቤተ መጻሕፍትና በፈተና ወንበር ላይ የለመደውን ነገ ይዞት ክፍል ይገባል። ታዲያ መልካም ልማድ እንዴት ይገነባል? መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ጎጃም የቅኔ አገር ናትና።

በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማና በደብረ ኤልያስ ስማቸው የታወቀውን የቅኔ ጉባኤያት እንመልከት። ተማሪው ቀን ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን በልቡ ያወጣል፤ ይህ ቆጠራ ይባላል። ወረቀትና እርሳስ የለውም። በኋላ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል፤ ይህን ደግሞ ነገራ ይሉታል። መምህሩም አገባቡን፣ ልኩንና ምሥጢሩን በጓደኞቹ ፊት ያርሙለታል። በማግስቱ ሌላ አዲስ ይቆጥራል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ የሚደርሰው በዚህ ዓይነት ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በዚሁ አካባቢ የቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ ነበሩ።

ከዚህ አሠራር ቢያንስ ሦስት ልማዶች እናገኛለን።

1ኛ/ በየቀኑ ጥቂት መሥራት። የቅኔ ተማሪ «ነገ እቆጥረዋለሁ» ቢል ማታ ባዶ እጁን ይቀርባል። እኛስ? ወሩን ሙሉ ደብተር ሳንገልጥ ከርመን፣ የፈተና ሰሞን ቡና እየጠጣን እናነጋለን። እንዲህ የተጠና ትምህርት ፈተናው ባለፈ በሳምንቱ ብን ብሎ ይጠፋል። በየቀኑ አንድ ሰዓት ማንበብና ያነበቡትን መጽሐፉን ከድኖ ለጓደኛ መናገር ይሻላል። የማይናገሩት ነገር ገና አልታወቀምና።

2ኛ/ የራስን ሥራ ማቅረብ። በቅኔ ቤት የሰውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ትልቅ ነውር ነው። በእኛ ዘንድ ግን «ምን ችግር አለው፣ ሁሉም ይገለብጣል» የሚባል ነገር አለ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመግታት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠ ጊዜ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ኩረጃ ግን ድክመቱ በጊዜ እንዳይታይ ሸፍኖት ኖሯል። እየኮረጀ የተመረቀ መምህር ነገ ተማሪውን «አትኮርጅ» ሲል በምን አፉ ይናገራል?

3ኛ/ መታረምን መልመድ። ከእኛው መካከል አንዱ ለማስተማር ልምምድ ሲወጣ የሌላ ሰው የትምህርት ዕቅድ ገልብጦ ሄደ። ዕቅዱ 1/2 ሲደመር 1/3 ውጤቱ 2/5 ነው ይላል። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ግማሽ እንጀራ ይዤ ሲሶ ሲጨመርልኝ እንዴት ከግማሽ ያንሳል?» ሲል ጠየቀ። ጓደኛችን ደንግጦ «ዝም ብለህ ጻፍ!» አለው። ልጁም ጻፈ። ጓደኛችን ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። በማግስቱ ክፍል ገብቶ «ትናንት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ መልሱ 5/6 ነው፤ ወንድማችሁ ልክ ነበር» አለ። ይንቁኛል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እጅ የሚያወጡት በዙ እንጂ አላነሱም።

እንግዲህ ከዛሬ ማታ ጀምረን ከመተኛታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ ዛሬ ምን አዲስ ነገር ቆጠርኩ? የራሴ ያልሆነውን የራሴ አስመስዬ አቅርቤአለሁ ወይ? ስሕተቴን ማን አረመኝ፣ እኔስ እንዴት ተቀበልኩት? የተከበራችሁ መምህራኖቻችንም ነገራችንን ስሙን፣ ሳታዝኑ አርሙን። እኛም መታረምን ነውር አናድርገው። ያ ልጅ ከጥያቄው ጋር ነገ በየክፍላችን ይጠብቀናልና።