ከሚይዘው ይልቅ የሚለቀው፤ ክሩዝ ኮንትሮልን በአሮጌ ቮልስ ላይ ስለ መግጠም

ባለፈው ሰሞን ስለ ግብረ መልስ በምናስተምርበት ክፍለ ጊዜ ከሰልጣኞች አንዱ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ነጂው እግሩን አንስቶ መኪናው በራሱ ፍጥነቱን ይጠብቃል ይባላል። ይህ ነገር በአሮጌ መኪና ላይም ሊገጠም ይችላል ወይ?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም ይኸው ጥያቄ ከዓመት በፊት እቤቴ ድረስ መጥቶ ሁለት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ በልቶብኛል። መልሱን በደቂቃ መስጠት ስላልቻልሁ በዚህች ግድግዳ ላይ ልጽፈው ቃል ገባሁ።

ጥያቄውን ያመጡት አጎቴ ናቸው። አዲስ አበባ ለረጅም ዘመን በመንግሥት ሥራ ቆይተው ጡረታ ሲወጡ ወደ ደብረ ታቦር የተመለሱት በቮልሳቸው ነው። ቮልሷ እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራች፣ ባለ 1300 ሞተር ናት። ቮልስ በአገራችን ምን እንደሆነች ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ሲወጡ እንኳ የተሳፈሩት በእርሷ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለችውን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል። ታዲያ አጎቴ ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አሜሪካ የምትኖር ልጃቸው ይህን ሰምታ «እግርዎን ያሳርፍልዎታል» ብላ አንድ ካርቶን ላከችላቸው። በውስጡ ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንዲት ጥቁር ሣጥንና የዳቦ ቆሎ ጣሳ የምታክል ክብ ነገር ነበረች።

የዕቃውን ምንነት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ወፍጮ ቤት መሄድ ይበቃል። የናፍጣ ሞተር ባለበት ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆማችሁ አድምጡ። እህሉ ወደ ድንጋዩ ሲገባ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሊሞት ነው ስትሉ ያጓራና ወደ ቀድሞ ድምፁ ይመለሳል። እህሉ ሲያልቅም እንደዚሁ፤ ሊፈረጥጥ ይልና ራሱን ይገታል። ማንም ሰው አልነካውም። ሞተሩ ላይ የሚሽከረከሩ ክብደቶች አሉ፤ ፍጥነት ሲጨምር ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ነዳጁን ይቀንሳሉ፤ ፍጥነት ሲያንስ ይሰበሰባሉ፣ ነዳጁን ይጨምራሉ። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በእንፋሎት ሞተሩ ላይ የገጠመው ይህንኑ ነበር። ከእርሱም በፊት የነፋስ ወፍጮ ሠሪዎች ተመሳሳዩን ይጠቀሙበት ነበርና ነገሩ ከጥንቱም የወፍጮ ልጅ ነው። ግብረ መልስ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፦ የሆነውን ከተፈለገው ጋር ማነጻጸር፣ ልዩነቱን ማረም።

ይህን ሐሳብ ለመኪና ነጂ እንዲመች አድርጎ ያቀረበው ራልፍ ቲተር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ሰውየው በአምስት ዓመቱ በደረሰበት አደጋ ዓይነ ስውር ሆኗል። መኪና ነድቶ አያውቅም፤ ይሳፈራል እንጂ። የሚነገረው እንዲህ ነው፦ ጠበቃው ሲነዳ ወሬ ሲይዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲያዳምጥ ይጨምራል፤ ቲተር በዚህ መንገጫገጭ ተማረረ። የሚያዩ ሰዎች ልብ ያላሉትን እርሱ በወገቡ አወቀው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ የክራይስለር ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1958 በተሠሩ መኪኖቹ ላይ አውሎ ሸጠው። (ስለ አካል ጉዳተኞች ትምህርት የምትማሩ ሰልጣኞች ይህችን ታሪክ ያዙልኝ።)

ወደ ቮልሷ እንመለስ። ጥቁሯ ሣጥን ሁለት ነገር ማወቅ አለባት፤ አሁን ያለውን ፍጥነትና ነጂው የፈለገውን ፍጥነት። በብዙ መኪኖች ላይ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ኃይል በሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ላይ ማግኔት ይታሰርና ከጎኑ ያለው ጥቅል ሽቦ ዙሩን ይቆጥራል። ቮልስ ግን ሞተሯም ካምቢዮዋም ከኋላ ስለሆነ ያ ረጅም ዘንግ የላትም። ስለዚህ የፍጥነት መቁጠሪያውን ኬብል ተጠቀምን። ይህ ኬብል በቮልስ ላይ ከፊት ግራ ጎማ ተነሥቶ ወደ ዳሽቦርድ የሚመጣ ነውና ዙር የምትቆጥር ትንሽ ዕቃ መሐሉ ላይ ገባች። ባትሪው 12 ቮልት መሆኑ ጠቀመን፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች 6 ቮልት ስለሆኑ እንዲህ ያለው ዕቃ አይሠራላቸውም።

ክቧ ጣሳ የእግር ምትክ ናት። በውስጧ ስስ ላስቲክ አለ። ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው የመምጠጥ ኃይል፣ ማለት ቫኪዩም፣ ላስቲኩን ይስበዋል፤ ላስቲኩ ኬብል ይስባል፤ ኬብሉ ካርቡራቶር ውስጥ ያለችውን ክዳን ይከፍታል። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ነገር ግን ዕቃው የተሠራው ለቆላና ለሜዳ አገር ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የነበረው ወደ 550 ይወርዳል። ላስቲኩን የሚገፋው የውጭ አየር ነውና አየሩ ሲሳሳ የጣሳዋም ጉልበት ይሳሳል። ሞተሩም ራሱ ከአርባ ፈረስ ጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ይባስ ብሎ፣ ዳገት ላይ የካርቡራቶሩ ክዳን በሰፊው ሲከፈት ቫኪዩሙ ይጠፋል። ጉልበት በሚፈለግበት ሰዓት የሚከዳ ረዳት ማለት ይህ ነው! መፍትሔው አንድ ባዶ ጣሳ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚከፈት ቫልቭ ጋር መግጠምና ቫኪዩም ማጠራቀም ነው። አደረግነው፤ ጥቂት ረዳ። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልነበረ።

ዳገቱ ግን ቢበዛ ያዘገያል። የሚገድለው ቁልቁለቱ ነው። ክሩዝ ኮንትሮል የሚያዘው ነዳጅ እንጂ መኪናውን አይደለም። በተለይ የአሮጌ መኪናው ፍሬን አይዝም፤ ቁልቁለት ላይ ማድረግ የሚችለው ነዳጁን መዝጋት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናዋ የምትታዘዘው ለመሬት ስበት ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። ከደብረ ታቦር በዓለም በር አድርገን ወረታ ስንደርስ ከፍታው 900 ሜትር ያህል ይቀንሳል። ቮልሷ ከነተሳፋሪዎቿ 1,000 ኪሎ ግራም ትመዝናለች እንበል። 1,000 በ9.8 በ900 ሲባዛ ወደ 8.8 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ይህ ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፣ ከፊሉን ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይይዘዋል፣ የቀረው ሁሉ ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በውሃ ስናሰላው 30 ሊትር ገደማ፣ ማለት አንድ ጀሪካን ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ማፍላት የሚችል ሙቀት ነው። (ውሃ ከተማችን ላይ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን እንዳትረሱ። ባቄላ ለምን አልበስል እንደሚል ለቤት ሠራተኛው ብቻ አትተዉት።) አራት ትንንሽ ከበሮ ፍሬኖች ይህን ሁሉ ሲሸከሙ ምን እንደሚሆኑ ገምቱ። ለነገሩ ለዚህ አገር ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን 7 ቶን የሚገመት ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ በጅዳና በበሽሎ ገደል ቁልቁል ማውረድም ነበረባቸው፤ መንገድ ያስጠረጉት ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ሙከራው ልምጣ። ዕቃውን አንድ ጋራዥ ገጠመልን። ከወረታ ወደ ሐሙሲት በፎገራ ሜዳ ስንሄድ አጎቴ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ላይ ቁልፉን ነኩና እግራቸውን አነሱ። ቮልሷ እንደ ሰለጠነ በቅሎ ያዘችው። «እንዴ! ይህስ ከሹፌር ይሻላል» አሉ። ሩዝ ማሳው አጠገብ ላሞች መንገድ ሲያቋርጡ ፍሬን ነካ አደረጉ፤ ወዲያው ለቀቀ። ደስ አለን። ስንመለስ ግን ማርሽ ለመለወጥ ፍሪሲዮን ሲረግጡ ሞተሩ እንደ ቆሰለ አውሬ ጮኸ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጎማው ከሞተሩ ሲለያይ ፍጥነቱ መውረድ ጀመረ፣ ሣጥኗም «ፍጥነት አነሰ» ብላ ነዳጅ ጨመረች። ከፍሪሲዮኑ ጋር መገናኘት የነበረባት ማቋረጫ አልተገጠመችም ነበር። ገጣሚውን ስንጠይቀው «ያለ እሷም ይሠራል» አለን። እውነቱን ነው፤ ይሠራል። መልቀቅ ነው የማይችለው።

ከዚህ በኋላ መልቀቂያውን ሁሉ በራሴ እጅ አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመርሁ፤ ያገኘሁት ደግሞ ከጩኸቱ የከፋ ነበር። ዕቃው ፍሬን መረገጡን የሚያውቀው ከፍሬን መብራት ሽቦ ነው። በብዙ መኪኖች ይህን መብራት የሚያበራው ፔዳሉን የምትነካ ማብሪያ ናት። በቮልስ ግን ማብሪያዋ የፍሬን ዘይት መጭመቂያው ላይ የተተከለች ናት፤ የምትሠራውም ዘይቱ ሲጨመቅ ነው። አሁን አስቡ። አንድ ቀን የፍሬን ዘይት ፈሶ ፔዳሉ ባዶውን እስከ ታች ቢወርድስ? መኪናዋ አትያዝም፤ መብራቱም አይበራም፤ ክሩዝ ኮንትሮሉም «ፍሬን አልተረገጠም» ብሎ ነዳጁን እንደ ያዘ ይቀጥላል። ፍሬን በጠፋበት በዚያው ሰዓት መልቀቂያውም አብሮ ይጠፋል ማለት ነው። ይህን ለአጎቴ በእርሳስ ሥዬ ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ልጄ፣ ለዓለም በር ቁልቁለት ነው ይህን የገዛነው?» አሉኝ።

ስለዚህ ሁለተኛ መልቀቂያ ሠራን። በፍሬን ፔዳሉ ክንድ ላይ የምታርፍ፣ ኤሌክትሪክም ዘይትም የማትፈልግ ትንሽ የአየር ቫልቭ ናት። ፔዳሉ ጥቂት እንደ ወረደ ትከፈታለች፤ አየር ወደ ጣሳዋ ይገባል፣ ላስቲኩ ይዝላል፣ ካርቡራቶሩ ላይ ያለችው ሞላ ክዳኑን ትዘጋለች። ሞላዋንም አሮጌ ስለሆነች በአዲስ ለወጥን፤ አንዲት ተጨማሪም አደረግን። ከጣሳዋ የሚመጣው ኬብል እግር ካነሱ በኋላ ጥቂት ሚሊ ሜትር ልል ሆኖ እንዲቀር ተስተካከለ፤ ከተወጠረ ሞተሩ ሁልጊዜ በትንሹ ይሳባል። የፍሪሲዮኗም ማቋረጫ ገባች። ለዋናው ማብሪያ ደግሞ በመሪው አጠገብ፣ ዓይን ሳያይ እጅ የሚያገኘው ቦታ ተመረጠላት።

ዕቃው አሁን ይሠራል ወይ? አዎ፣ በሜዳው ላይ። በባሕር ዳርና በወረታ መካከል አጎቴ ጉልበታቸውን ያሳርፋሉ። ከብትና ጋሪ በበዛበት በገበያ ቀን፣ በከተማ ውስጥ፣ በክረምት ዝናብ አይነኩትም፤ ጎማ ውሃ ላይ ሲንሸራተት ዕቃው ፍጥነቱን በትክክል አያውቅምና። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በኩል፣ በጉና ሥር ጉም ሲወርድማ ነገሩ አይታሰብም። ከመነሣታቸው በፊት ሞተሩን ሳያስነሱ ከቮልሷ ኋላ አንድ ልጅ ያቆማሉ፤ የመኪናውን ቁልፍ ከፍተው ፍሬን ሲረግጡ ልጁ «በርቷል» ይላል። ከዚያ እጃቸውን ወደ ፔዳሉ ሰደው የአየር ቫልቭዋን በጣታቸው ይነካሉ። ወረታ መገንጠያው ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ዋናውን ማብሪያ ያጠፉታል፤ ቁልቁል ሲመጡም ገና ከደብረ ታቦር ሳይወጡ በሁለተኛ ማርሽ ነው።