ከራዲያተር የሚደፋው የውጭ ምንዛሪ

መካኒኩ የራዲያተሩን ማፍሰሻ ቡሎን ሲያላላ፣ ሲገባ አረንጓዴ የነበረው ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ዝገት መስሎ፣ አንዳንዴም ዘይት ተንሳፎበት ይወርዳል። አልቆለታል ይባልና ቦይ ውስጥ ይደፋል። እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኛው ክፍሉ ገና ደህና ነው።

የተለመደው ኩላንት ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ኤቲሊን ግላይኮል ነው። ዝገት የሚከላከሉት ኬሚካሎች ጥቂት በመቶ ቢሆኑ ነው፤ በአገልግሎት ብዛት የሚያልቁትም እነሱ ናቸው። ከግላይኮሉ ጥቂቱ ወደ አሲድ ይለወጣል፣ ከሞተሩና ከራዲያተሩም ብረት፣ መዳብና እርሳስ እየተሸረሸረ ይገባበታል።

ይህን ቆሻሻ የማስወገጃው የቆየ መንገድ አፍልቶ ማንጠር ነው። ችግሩ ወጪው ላይ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመቀየር 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከአንድ ቶን ኩላንት ውስጥ ያለውን ውሃ ብቻ ለማትነን፣ ሙቀቱ ተመልሶ ጥቅም ላይ ካልዋለ፣ ከ300 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሄዳል።

ሌላው መንገድ፣ ሜምብሬን የተባለው ማጣሪያ፣ ግን ምንም አያፈላም። ፓምፕ ፈሳሹን ቀዳዳዎቹ በዓይን በማይታዩ ስስ ሽፋን ላይ ይገፋዋል፤ ዘይቱ፣ ዝገቱና አብዛኛው የብረት ጨው ይቀራል። ግላይኮል ሞለኪውሉ ትንሽ ስለሆነ ከውሃው ጋር አብሮ ያልፋል። ይህ ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ ለጋራዡ ግን ትርፍ ነው፣ ደንበኛው የሚፈልገው ድብልቁን ነውና። አንድ ሜትር ኩብ ፈሳሽ 40 ባር ግፊት ላይ ለማድረስ በስሌት የሚያስፈልገው 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አሥር እጥፍ ቢባክን እንኳ ከማፍላቱ ጋር አይወዳደርም።

ሆኖም ያለ ወጪ የሚገኝ አይደለም። ዘይት ሽፋኑን ይደፍናል፣ ስለዚህ አስቀድሞ መጣራት አለበት። ሾልከው የሚያልፉትን ጥቃቅን አሲዶች ሌላ ማጣሪያ ይለቅማቸዋል፣ የዝገት መከላከያውም እንደ አዲስ ይጨመራል። የግላይኮል ዋጋ ከነዳጅና ከጋዝ ገበያ ጋር ስለሚወርድ፣ አጣሪው በርካሽ ዘመን ይጎዳል።

ዋናው ማነቆ ግን መሰብሰቡ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው መመሪያ ያረጀ መኪና ከመፈታቱ በፊት ኩላንቱ ተቀድቶ ለብቻው እንዲቀመጥ ያስገድዳል፤ ለአጣሪዎች ጥሬ ዕቃ የሚያቀርበውም አንዱ ይህ ግዴታ ነው።

ኢትዮጵያ ግላይኮል የሚያመርት ፋብሪካ ስለሌላት እያንዳንዱ ሊትር በዶላር ይገባል። የተቃጠለ ዘይት ገዢ ስላለው በበርሜል ይጠራቀማል፤ ኩላንት ግን ይደፋል። ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ራሱ መርዝ በመሆኑ ለልጆችና ለእንስሳት አደጋ ነው። የጋራዥ ባለቤቶች ዛሬውኑ አንድ በርሜል ለኩላንት ብቻ ይለዩ፤ ከዘይት ጋር የተቀላቀለ ኩላንት ማጣሪያው ቢመጣም ዋጋ አያወጣም።