አርማታ በውርጭ መካከል

እኛ ክረምት ስንል የሚታሰበን ዝናብና ጭቃ ነው። በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ግን ክረምት ማለት ውርጭ ነው፤ በሚኒያፖሊስ ከተማ የጃንዋሪ ወር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሆናል። በዚያ አገር እንደ ፍላጎቱ ቤት አስነድፎ የግንባታ ፈቃዱን በኖቬምበር የተቀበለ ሰው ወይ የበረዶውን መቅለጥ ይጠብቃል፣ ወይ በውርጭ ውስጥ መሠረቱን ይጥላል። ሁለተኛውን የሚመርጡ ጥቂት አይደሉም። ለመሆኑ አርማታ በዚህ ብርድ እንዴት ይጠነክራል?

በተለምዶ አርማታ “ደረቀ” ይባላል፤ አነጋገሩ ግን ያሳስታል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃው ስለሚተን ሳይሆን ከውሃው ጋር በኬሚካዊ መንገድ ስለሚዋሐድ ነው። ውሕደቱ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ብርድ ሲበረታ ግን ይዘገያል። የባሰው ጉዳት የሚደርሰው ገና ያልተዋሐደው ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ነው። በዚህ ጊዜ ይዘቱ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ለጋውን አርማታ ከውስጥ ይሰነጣጥቀዋል። እንዲህ ገና በለጋነቱ በረዶ የያዘው አርማታ ሊያገኝ ይችል ከነበረው ጥንካሬ እስከ ግማሽ ሊያጣ ይችላል፤ በኋላ ቢሞቅም የጠፋው አይመለስም። ጥንካሬው 3.5 ሜጋፓስካል ከደረሰ በኋላ ግን አንድ ጊዜ በረዶ ቢይዘው ይቋቋማል። ለዚህም በ10 ዲግሪ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀን ይበቃዋል።

ስለዚህ ተቋራጩ አርማታውን በሞቀ ውሃ ያቦካል፤ የተሞላውንም መሠረት ሙቀት በሚይዝ ወፍራም ሽፋን ያለብሰዋል ወይም ድንኳን ጥሎ ያሞቀዋል። የማሞቂያው ጭስ ወደ ውጭ ካልወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከለጋው አርማታ ገጽ ጋር ተዋሕዶ፣ ሲነኩት እንደ ጠመኔ የሚቦን ደካማ ንጣፍ ይፈጥራል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ የሠራተኛውን ሕይወት ያሰጋል። መጠንከሩን ለማፋጠን ካልሲየም ክሎራይድ መጨመርም የቆየ ዘዴ ነው፤ ሆኖም ፌሮውን ለዝገት ያጋልጣል።

ይሁንና ከአርማታው ይልቅ የሚያስቸግረው ከሥሩ ያለው አፈር ነው። አፈር በውርጭ የሚያብጠው ውሃው ስለሚሰፋ ብቻ ይመስላል። የሥነ ምድር ሊቁ ስቲቨን ቴበር እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተሙት ጥናት ግን አፈርን በውሃ ፈንታ በቤንዜን (የመኪናው ቤንዚን አይደለም) አርሰው አቀዘቀዙት። ቤንዜን ሲረጋ ይኮማተራል እንጂ አይሰፋም፤ አፈሩ ግን አሁንም አበጠ። ምሥጢሩ የረጋው ክፍል ከታች ያለውን ፈሳሽ ወደ ራሱ እየሳበ መወፈሩ ነው። በዚህ መንገድ የሚከማች የበረዶ ንጣፍ ቤት ያነሣል። በመሆኑም የሚኒሶታ የሕንጻ ደንብ መሠረት በደቡብ ቢያንስ 1.07 ሜትር፣ በሰሜን 1.52 ሜትር እንዲጠልቅ ያዛል።

ይህ ጥልቀት የሚጠቅመው ግን ጉድጓዱ ተሞልቶ ቤቱ ሲሞቅ ነው። ጉድጓዱ ተከፍቶ ካደረ ውርጩ ከአዲሱ ወለል ተነሥቶ ወደ ታች ይዘልቃል። በረዶ በያዘ አፈር ላይ የተጣለ መሠረትም አፈሩ ሲሟሟ ባልተስተካከለ ሁኔታ ይሰምጣል። የምድር ቤቱ ግድግዳ ከቆመ በኋላ እንኳ ባለቤቱ ነዳጅ ለመቆጠብ ማሞቂያውን አጥፍቶ ሳምንታት ቢያልፉ፣ ውርጩ በወለሉ በኩል ከመሠረቱ ሥር ይገባል። ስንጥቁ የሚታየው በኤፕሪል አፈሩ ሲሟሟ፣ ምናልባትም ግድግዳው ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው።