ትንሹ ባቡርና የታላላቅ ባቡሮች ስም

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የመንገደኛ ባቡር በክብሩ ላይ በነበረበት ዘመን፣ የባቡሩ የመጨረሻ ፉርጎ ከሌሎቹ የተለየ ነበረ። ጀርባው ክብ ሆኖ ዙሪያው በሰፋፊ መስኮቶች የተከበበ፣ በውስጡም ምቹ ወንበሮች የተደረደሩበት ነው። መንገደኛው በዚያ ተቀምጦ ያለፈበት አገር ወደ ኋላ ሲሸሽ ይመለከት ስለ ነበር፣ የመመልከቻ ፉርጎ ተባለ። ከፉርጎው ጀርባም በኤሌክትሪክ የሚበራ ሰሌዳ ይሰቀል ነበር፤ የባቡሩም ስም ተጽፎበት ይታያል። ባቡሩ ከጣቢያ ሲወጣ በሸኚዎች ዓይን የሚቀረው የመጨረሻው ነገር ይህ ስም ነው። የመመልከቻው ፉርጎ እንግዲህ ለባለቤቱ ኩባንያ በሐዲድ ላይ የሚጓዝ የንግድ ማስታወቂያ ነበረ።

ከእነዚያ ባቡሮች የሚበዙት ዛሬ የሉም። ስማቸውና መልካቸው ግን በትንንሽ አምሳያዎች ተሠርቶ እስከ ዛሬ ይሸጣል። የዚህን ንግድ ታሪክ የሚመረምር ሰው፣ የአንድ ድርጅት ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው፣ ዋጋውንም ማን ለማን መክፈል እንደሚገባው ብዙ ይማርበታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የንግዱ አጀማመር

ጆሹዋ ሊዮኔል ካወን የተባለው የኒው ዮርክ ሰው ሊዮኔል የሚባለውን ኩባንያ በ1900 ሲያቋቁም፣ አሳቡ ለልጆች መጫወቻ መሥራት አልነበረም። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ የጭነት ፉርጎ ሠርቶ፣ በመደብር መስኮት ውስጥ እየዞረ የላፊ አግዳሚውን ዓይን ወደ ሸቀጡ እንዲስብ ለባለ መደብሮች አቀረበው። ነገር ግን ገዢዎች ሸቀጡን ትተው ፉርጎውን ራሱን ሽጡልን ይሉ ጀመር። ማስታወቂያው ከሚያስተዋውቀው ዕቃ ይልቅ ተፈላጊ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ካወን ይህንኑ አስተውሎ ፊቱን ወደ መጫወቻ ባቡር አዞረ።

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት በደረሰ ጊዜ፣ እውነተኞቹም ትንንሾቹም ባቡሮች በአንድነት ተቸገሩ። መንገደኛው ገንዘብ በማጣቱና አውቶሞቢልም በመብዛቱ፣ የምድር ባቡር ኩባንያዎች ሕዝቡን መልሶ የሚማርክ አዲስ ነገር መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በ1934 ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው ኩባንያ ኤም 10000 የተሰኘውን፣ ነፋስን በቀላሉ እንዲሰነጥቅ ሆኖ የተቀረጸ፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ ባቡር አወጣ። በዚያው ዓመት ግንቦት 26 ቀን ደግሞ የበርሊንግተን ኩባንያ ዜፈር የተባለው፣ በድ የተሰኘው ፋብሪካ ከማይዝግ ብረት የሠራው የናፍጣ ባቡር፣ ከዴንቨር እስከ ቺካጎ ያለውን 1,633 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ13 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ፈጸመ። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው።

ሊዮኔል በዚያው ዓመት ዕዳው ስለ በዛበት በባለ አደራ እጅ ወድቆ ነበር። ይሁን እንጂ የኤም 10000ን አምሳያ ሳይውል ሳያድር ለገበያ አቀረበ፤ ሚኪ ማውስና ሚኒ የሚያሽከረክሩትን ትንሽ የሐዲድ ጋሪም በአንድ ዶላር ሸጠ። ኩባንያው በ1935 ከባለ አደራው እጅ ወጥቶ ሥራውን ቀጠለ። በዚሁ በ1935 የባቡር አምሳያ ወዳጆች በሚልዎኪ ከተማ ብሔራዊ ማኅበር መሥርተው፣ የአንዱ ፋብሪካ ፉርጎ በሌላው ፋብሪካ ሐዲድ ላይ እንዲሄድ የመንኰራኵሩንና የሐዲዱን መጠን በደንብ መወሰን ጀመሩ። ትንንሾቹ ፋብሪካዎች ከታላላቆቹ ጋር ጎን ለጎን ሊነግዱ የቻሉት በዚህ የጋራ መለኪያ ረዳትነት ነው።

ባለ ስሙ የከፈለበት ዘመን

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊዮኔል የጀኔራል ሞተርስን አዲስ የናፍጣ ባቡር አምሳያ ለመሥራት አሰበ። የቅርጽ ማውጫው ወጪ ግን ከባድ ነበር። ስለዚህ ኩባንያው ወደ ጀኔራል ሞተርስ፣ ወደ ሳንታ ፌና ወደ ኒው ዮርክ ሴንትራል የምድር ባቡር ኩባንያዎች ቀርቦ፣ ስማችሁ በየቤቱ ይገባልና ከወጪው ተካፈሉ አላቸው። ሦስቱም ተስማሙ። አምሳያው በ1948 ሲወጣ፣ የሳንታ ፌ ቀይና ብርማ ቀለም የተቀባው ከሁሉ ይልቅ ታዋቂ ሆነ። ይህም መልክ ከ1937 ጀምሮ በቺካጎና በሎስ አንጀለስ መካከል በ39 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይመላለስ የነበረው የሱፐር ቺፍ መልክ ነበር።

በዚያ ዘመን የሐሳቡ አካሄድ እንዲህ ነበር፤ ዛሬ በወለል ላይ ባቡር የሚያስኬድ ልጅ ነገ የእውነተኛው ባቡር መንገደኛ ወይም የጭነት ደንበኛ ይሆናል። ስለዚህ ባለ ስሙ ለመጫወቻ ሠሪው ቢከፍል የተገባ ነው።

የመመልከቻው ፉርጎ መጥፋት

የመመልከቻው ፉርጎ ውበቱ ብዙ ቢሆንም ለሥራ አስቸጋሪ ነበር። ጀርባው ክብ በመሆኑ ከበስተኋላው ሌላ ፉርጎ መቀጠል አይመችም፤ ባቡሩም መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ ፉርጎው እንደገና ከኋላ እንዲሆን መዞር ይኖርበታል። መንገደኛው ወደ አውሮፕላንና ወደ አውቶሞቢል ሲሄድ፣ ኩባንያዎቹ አስቀድመው ከቀነሷቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ሆነ። በኒው ዮርክና በቺካጎ መካከል ይሄድ የነበረው ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ሊሚትድ በታኅሣሥ 1967 ቆመ። ተራሮቹ በቀን ብርሃን እንዲታዩ ሰዓቱ የተመደበለት፣ ባለ ጉልላት ፉርጎዎች የነበሩት ካሊፎርኒያ ዜፈርም ከ1949 ጀምሮ ሲያገለግል ቆይቶ በመጋቢት 1970 ሥራውን ፈጸመ። በግንቦት 1971 አብዛኛው የአገሪቱ የረዥም መንገድ መንገደኛ ባቡር አምትራክ ለተባለው ድርጅት ተላለፈ።

እዚህ ላይ አንድ አስተማሪ ነገር ተፈጽሟል። ሳንታ ፌ ባቡሮቹን ለአምትራክ ካስረከበ በኋላ፣ አገልግሎቱ ከቀድሞው ማዕረጉ ዝቅ ብሏል በማለት በ1974 ሱፐር ቺፍ በሚለው ስም የመጠቀም ፈቃዱን ከለከለ። ባቡሩ ሌላ ስም ይዞ ሄደ። በ1984 አገልግሎቱ ተሻሽሎ በመገኘቱ ቺፍ የሚለው ቃል ሳውዝዌስት ቺፍ በሚል ስም እንዲመለስ ተፈቀደ። ስም ያለ ጥራት መሸጥ ኪሳራ መሆኑን ሳንታ ፌ ያወቀው፣ ራሱ መንገደኛ ማጓጓዝ ከተወ በኋላም ነበር።

ባለ ስሙ ክፈሉኝ ያለበት ዘመን

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ዩኒየን ፓሲፊክ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ስሙንና ምልክቱን በአምሳያዎች ላይ የሚያትሙ ፋብሪካዎች ፈቃድ እንዲያወጡና ከሽያጩ ክፍያ እንዲያደርጉ ጠየቀ። ጥያቄው በራሱ ስም ብቻ አልተወሰነም፤ በየጊዜው የጠቀለላቸውን ኩባንያዎች ስም ሁሉ ይጨምር ነበር። የካሊፎርኒያ ዜፈር ባለቤቶች ከነበሩት ከሦስቱ ኩባንያዎች ሁለቱ፣ ዌስተርን ፓሲፊክና ሪዮ ግራንዴ፣ በዚህ መንገድ ወደ ዩኒየን ፓሲፊክ የገቡ ናቸው። በ2004 ኩባንያው አተርንንና ሊዮኔልን በፍርድ ቤት ከሰሰ።

በሁለቱም ወገን የሚደመጥ ነገር ነበረ። ዩኒየን ፓሲፊክ፣ የንግድ ምልክት በባለቤቱ ካልተጠበቀ ማንም እንደ ፈቀደ የሚጠቀምበት ይሆናል ይል ነበር። አምሳያ ሠሪዎች በበኩላቸው፣ እውነተኛውን ባቡር መስሎ ለመሥራት ስሙን መጻፍ ግድ መሆኑን፣ አያሌ ዓመታትም ያለ ክፍያ ሲሠራበት መኖሩን፣ ለምድር ባቡሩም ነፃ ማስታወቂያ መሆኑን ያስረዱ ነበር። ከፋብሪካዎቹ አንዳንዶቹ ክፍያውን ተቀብለው ሲስማሙ፣ ኤም ቲ ኤች የተባለው እምቢ ብሎ ተሟገተ። በኅዳር 2006 ጉዳዩ በስምምነት ተፈጸመ፤ ዩኒየን ፓሲፊክም የክፍያውን ጥያቄ ትቶ ምልክቱን ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ።

የዛሬው ገበያ

ዛሬ ይህን ዕቃ የሚገዛው ልጅ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የበሰለ ሰው ነው። የሚፈልገውም የአንድን ታዋቂ ባቡር ፉርጎዎች ሁሉ፣ ከፊተኛው ሞተር እስከ ኋለኛው የመመልከቻ ፉርጎ፣ በትክክለኛ ስማቸውና ቅደም ተከተላቸው ማግኘት ነው። የአሜሪካው ዋልተርስና የጃፓኑ ካቶ ይህን ፍላጎት ተመልክተው ሙሉ ባቡሮችን በተወሰነ ብዛት ያመርታሉ፤ ደንበኛውም አስቀድሞ ያዝዛል። ከአሜሪካ ድርጅቶች የብዙዎቹ ሥራ በቻይና ፋብሪካዎች ይፈጸማል።

የገዢው ችግር ቦታ ነው። 26 ሜትር የሚያህል የመንገደኛ ፉርጎ በ87 እጅ ሲያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ አሥር ፉርጎ ሲቀጠል ሦስት ሜትር ነው። እንዲህ ያለው ፉርጎ መልኩ ሳይበላሽ እንዲዞር፣ የሐዲዱ ክብ ከመካከሉ እስከ ዳሩ የፉርጎውን ርዝመት ሦስት እጥፍ፣ ማለት 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይመረጣል። ከመጫወቻ ሣጥን ጋር የሚመጣው የተለመደ ሐዲድ ግን ወደ 46 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ፋብሪካዎች ፉርጎውን አሳጥረው በመሥራት ለጠባብ ቤት ሲሸጡ፣ ሌሎች ሙሉውን ርዝመት ጠብቀው ጠንቃቃውን ገዢ ይይዛሉ። አንድ ሸቀጥ በዚህ ዓይነት ሁለት ገበያ አግኝቷል።

የመመልከቻውን ፉርጎ በእውነተኛው መልኩ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ካናዳ ይሄዳል። በ1955 ሥራ የጀመረው ካናዲያን የተባለው ባቡር፣ በበድ ፋብሪካ የተሠሩትን የማይዝግ ብረት ፉርጎዎች በቶሮንቶና በቫንኩቨር መካከል እስከ ዛሬ ያመላልሳል፤ ከኋላውም ክብ ጀርባ ያለው የመመልከቻ ፉርጎ ተቀጥሎበታል። በሌሎቹ መስመሮች ግን ስሙ ከባቡሩ ይልቅ ረዥም ዕድሜ አግኝቷል። ስሙን ያቆዩለትም ሐዲዱን የዘረጉት ኩባንያዎች አይደሉም፤ በትንሽ ብሩሽና በጥቃቅን ፊደል በአምሳያው ጎን ላይ የጻፉት ሠራተኞች፣ ገንዘባቸውንም ከፍለው የገዙት ደንበኞች ናቸው። ስለ ስሙ ክፍያ የሚደራደር ነጋዴ ሁሉ ይህን ውለታ ከሒሳቡ ውስጥ ሊያገባው ይገባል።